ጎረቤታችን የጠጡት መብራት

መብራት ሲሄድ ሳይንቲስት የማይሆን የአዲስ አበባ ሰው የለም። ካላመናችሁ ቦሌ አራብሳ ኑና እዩ። መብራት ድርግም ባለ በደቂቃ ውስጥ ብሎኩ በሙሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ምርመራ ይጀምራል። አንዱ "ትራንስፎርመሩ ነው" ይላል። ሌላው "የለም፣ መንገድ ሲቆፍሩ ቆርጠውት ነው" ይላል። እኔ ደግሞ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ "ጭነት በዝቶበት ነው" እላለሁ። ስለ ጭነት የማውቀው ነገር የለም፤ ግን ሰው ሁሉ ሲያስረዳ ዝም ብሎ መቆም ይከብዳል።

እውነተኛዋ ሳይንቲስት የእህቴ ልጅ መክሊት ናት። እኛ ቤት ሆና ኬሚስትሪ ተምራ ለመመረቅ የቀራት አንድ ሥራ ነበር፤ ከስኳር መብራት ማውጣት። ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ በሆዳችን ምግብ የሚፈጭልንም የእሱ ዘመድ ነው አሉ። የስኳር ውሃ ውስጥ ሲጨመር ስኳሩን ይሰባብራል፣ ሲሰባብር ኤሌክትሪክ ይወጣል፣ ያንን በሽቦ መቀበል ነው...

"ቆይ፣ ከስኳር?" አልኳት። "ሸማቾች በር ላይ ተሰልፈን ከምናገኘው ስኳር?"

"ትንሽ ይበቃዋል፣ ጋሼ።"

"ስቶቭ ያሠራል?"

"የጠረጴዛ ሰዓት ያሠራል።"

"ቴሌቪዥንስ?"

"ሰዓት ነው ያልኩህ፣ ጋሼ። እሱም ትንሽ ሰዓት።"

ቅር አለኝ፤ ግን የእህቴ ልጅ ናትና ዋጥ አደረግኩት።

ኢንዛይሙ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ፈጅቷል። በፕሬዘንቴሽኑ ዋዜማ መክሊት በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ፣ እንዳይሞቅባት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ፍሪጃችን ውስጥ አስቀመጠችው። "ከሞቀ አለቀልኝ፤ ሌላ የለኝም" ብላኝ ወረቀቷን ልታስጠርዝ ወጣች። እሷ እንደወጣች መብራት ሄደ።

በእኛ ሰፈር ለዚህ መላ አለ። የእኛ መስመር ሲሄድ የፊት ለፊቱ ብሎክ አብዛኛውን ጊዜ ይኖረዋል። ስለዚህ ሥጋና ቅቤያችንን ተሸክመን ወደ እትዬ ጽጌ ፍሪጅ እንሰደዳለን፤ የእሳቸው ሲሄድ ደግሞ እሳቸው ወደ እኛ ይሰደዳሉ። ያን ቀን ሥጋው ይበላሽ ብዬ ብልቃጡን ብቻ ያዝኩ። እንዳይናወጥ በሁለት እጄ አቅፌ አራት ፎቅ ወረድኩ፣ አራት ፎቅ ወጣሁ። እትዬ ጽጌ በር ሲከፍቱ ላብ በላብ ሆኜ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ዘርግቼላቸው ቆሜያለሁ።

"ምንድን ነው ልጄ?" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

"የመክሊት ነው። ከሩቅ አገር በስንት ልመና የተገኘ። በጥንቃቄ ያስቀምጡልኝ።"

"ይገባኛል" አሉና ብልቃጡን ሳም አድርገው ተቀበሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ እዚያ ላይ ትጠረጥሩ ነበር። እኔ ግን ለሳይንስ ያላቸው አክብሮት ነው የገረመኝ።

ጠዋት ከመክሊት ጋር ልንወስደው ሄድን። እትዬ ጽጌ ፊታቸው ፈክቷል።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። በባዶ ሆዴ ቀመስኩት፤ ጉልበቴን ቀለል አለኝ።"

"ጠጡት?" አለች መክሊት።

"ጸበል አይደል እንዴ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ሁሉንም?"

"ምን ነካሽ፣ ጸበል ብቻን ይጨረሳል? ግማሹን ነው። ለሌላውም እንዲዳረስ ውሃ ጨምሬ ሞልቼዋለሁ።"

ደረጃውን ስንወርድ ቀስ ብዬ "ይጎዳቸው ይሆን?" አልኳት።

"እሳቸው ምንም አይሆኑም። የተጎዳሁት እኔ ነኝ።"

እስከ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተደበቅኩ። መክሊት ስኳር ውሃውን በትንንሽ ብርጭቆዎች ቀዳች፣ ኢንዛይሙን ጨመረች፣ ሽቦዎቹን ከሰዓቱ ጋር አገናኘች። ምንም የለም። የልጅቷን ዕድሜ ልክ ልፋት በሁለት እጄ ተሸክሜ ወስጄ እንዳስጠጣሁት ሳስብ ወንበሩ ውስጥ ይበልጥ ሰመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የሰዓቱ ቁጥሮች ደብዘዝ ብለው ብቅ አሉ። ሦስቱ ፈታኞች መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ለምን ደከመ?" አሉ ትልቁ።

መክሊት ዞራ አየችኝ፤ ከዚያም እውነቱን ተናገረች። "ግማሹን ጎረቤታችን ጸበል መስሏቸው ጠጥተውታል። በቦታው የቧንቧ ውሃ ነው ያለው።"

ትልቁ ፈታኝ ሳቃቸውን መቆጣጠር ሲያቅታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "የቧንቧ ውሃ ተጨምሮበትም ከሠራ ጥሩ ሥራ ነው" አሉና ማለፊያዋን ጻፉላት። እኔ እንባዬን ጠረግኩ።

ለእትዬ ጽጌ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። በጥሞና ሰሙኝ።

"እና ሆዴ ውስጥ የገባው መብራት ነው?"

"እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

ከዚያ ወዲህ የእሳቸው መስመር ሄዶ አያውቅም፤ የእኛ እንደ ልማዱ ነው። ባለፈው ሥጋችንን ተሸክሜ ስደርስ፣ ነገሩ ከጠጡት ጋር እንደማይገናኝ፣ ጭነትና ትራንስፎርመር እየጠራሁ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እትዬ ጽጌ እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ፍሪጃቸውን ከፈቱልኝና በሐዘኔታ አዩኝ።

"አንተም ያኔ ስታመጣው መንገድ ላይ ቀመስ ብታደርገው ምን ነበረበት?"