ለእንግዳ የተቀመጠ ብርድ

የኛን ሰው ሳሎን ገብታችሁ ቡፌውን አይታችሁታል? የኛ ሰው ስል ድንበሩን ተሻግሮ እዚህ ኬንያ ሞያሌ የቀረውን፣ ስደተኛ ሆኖ መጥቶ ባለሱቅ የሆነውን ማለቴ ነው። በቡፌው መስታወት ውስጥ ወርቅ ቅብ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ የቤቱ ጌታ ግን ውሃ የሚጠጣው እጀታው በተሰበረ ኩባያ ነው። ሶፋው ልብስ ለብሷል፤ ልብሱ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ሌላ ልብስ ለብሷል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ ነው፣ ቁጥሩ ስለማይታይ በግምት ይጫናል። ይሄ ሁሉ ለማን ነው ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ ለእንግዳ። እንግዳ ደግሞ፣ አባቶች እንዳሉት፣ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ በሦስተኛው ቀን መዳብ ነው። ሚስት የትኛው ማዕድን እንደሆነች ግን የነገረኝ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጎረቤቴ ጋሽ መንገሻ ይሄን ልማድ ከሳሎን አውጥቶ መኪና ላይ የጫነ ሰው ነው። እኔ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ እሱ ጤፍና በርበሬ ይሸጣል፤ ሱቆቻችን ግድግዳ ይጋራሉ። ከናይሮቢ ነጭ ፒካፕ ገዝቶ የመጣ ዕለት ሰፈሩን ሰብስቦ «ኤሲዋ በረዶ ነው» አለን። በየተራ እጃችንን ዘርግተን ከዳሽቦርዱ የሚወጣውን ቅዝቃዜ ዳበስን። ከዚያ አጠፋው። ቡቲዬ መንደር ሲሄድ፣ ቦሪ ያሉትን ከብቶቹን ሊያይ ሲወርድ መስኮቱን ከፍቶ አቧራውን እየዋጠ ነው። ሚስቱ እትዬ አልማዝ ከጎኑ ተቀምጣ «እስቲ ትንሽ አብራው፣ ነደድኩ እኮ» ስትለው አንዲት መልስ ነበረችው። «ይበላሻል።»

በርቶ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሴት ልጁን ለልጃቸው የወሰዱ አማቾቹ ከሻሸመኔ የመጡ ጊዜ። ያን ዕለት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ አማቾቹ በብርድ ተንደላቀው ከተማውን ዞሩ። ቦታ ስለጠበበ እትዬ አልማዝ ከኋላ ጭነቱ ላይ ለአማቾቹ ከተገዛው ሙክት ጋር ተቀመጠች። እሷም ሙክቱም አላማረሩም።

ዓመታት አለፉ። አስፋልቱ ገና እየተሠራ ባለበት፣ የማርሳቢት መንገድ ግማሹ ኮረኮንች ግማሹ ዱቄት በነበረበት ጊዜ፣ እትዬ አልማዝ የዓይን ሞራ ያዛት። ከሌላ ቦታ የመጡ ሐኪሞች እዚሁ ገፈፉላትና ለምርመራ ማርሳቢት እንድትሄድ ቀጠሯት። ሲለቋት አጥብቀው ያስጠነቀቋት አንድ ነገር ነው፤ ዓይንሽን አቧራ እንዳይነካው፣ ላብም እንዳይገባበት፣ ካመረቀዘ ይጠፋል። በአውቶቡስ መሄድ አቧራ ነው። በፒካፑ መስኮት ዘግቶ መሄድ ላብ ነው። የቀረው ኤሲ ነው። ጋሽ መንገሻም የኤሲዋ ቀን ደረሰ ብሎ በኩራት ቁልፉን ተጫነ። የወጣው ነፋስ ከውጭው የባሰ ትኩስ ነበር።

እዚህ ላይ ጃርሶን ላስተዋውቃችሁ። ጃርሶ እዚሁ ሞያሌ የተወለደ ቦረና፣ የመኪና ኤሲ ፉንዲ ነው፤ ባለሙያን እዚህ ፉንዲ ነው የምንለው። አማርኛውን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለተማረ ስድቡ ከሰላምታው ይቀድማል። ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ጋዙ አልቋል» አለ። ጋዝ ተሞላ፣ በረደ። በማግስቱ ያው ትኩስ ሆነ። «ያፈሳል» አለ ጃርሶ፣ ሌላ ሰው የሞላው ይመስል።

የሚያፈሰውን ቦታ መፈለግ ተጀመረ። የሳሙና ውሃ በጥብጦ ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበትን ሁሉ በብሩሽ ቀባ፤ አረፋ ከተነፋ ሌባው እዚያ ነው። እኛ ሥራ ፈቶች ዛፉ ሥር ቆመን መንገዱን ከሰስን። ኮረኮንቹ አርግፎት ነው፣ ድንጋይ መትቶት ነው እየተባለ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አረፋው ግን የትም አልተነፋም። ጋሽ መንገሻ መኪናዋን ደጋግሞ ዞራት። የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ነው፣ እትዬ አልማዝ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና ቤት ተቀምጣለች። አዘንኩለት፤ እሷን ሳያት ደግሞ ያዘንኩት ለሱ መሆኑ ትንሽ አሳፈረኝ።

ጃርሶ ሌላ መላ አመጣ። ጋዙ ውስጥ ቀለም ጨመረበትና «አሁን ኤሲውን አብራና ዋል» አለው።

«ዝም ብዬ? ማንም ሳይኖር?» አለ ጋሽ መንገሻ።

«ዝም ብለህ።»

ባዶ መኪና ሲያቀዘቅዝ ዋለ። ጋሽ መንገሻ በሱቁ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ድግሱን ውሻ እንደበላበት ሰው ያየው ነበር። ቀለሙ ከጋዙ ጋር ዞሮ በሚያፈስበት ቦታ ይወጣል፤ በልዩ መብራት ሲታይ ያበራል። መብራቱ ግን ጨለማ ይፈልጋል፣ ሞያሌ ደግሞ በቀን ጨለማ የላትም። «ወፍራም ብርድ ልብስ አምጡ» አለ ጃርሶ። እትዬ አልማዝ በአንድ ዓይኗ እያየች ወደ ጓዳ ገባችና ይዛ ወጣች። የእንግዳው ብርድ ልብስ ነው፣ ከነላስቲኩ። ጋሽ መንገሻ ላስቲኩን አፍጥጦ አየ። እሷ ላስቲኩን ቀድዳ ጣለችና ብርድ ልብሱን ኮፈኑ ላይ ዘረጋችው።

ጋሽ መንገሻ፣ ጃርሶና እኔ ጭንቅላታችንን ብርድ ልብስ ውስጥ ቀብረን ቂጣችንን ለመንገደኛው ሰጠን። የሚያልፈው ቦዳ ቦዳ፣ ባለ ሞተር ታክሲው ሁሉ፣ ሞተሩን አቁሞ «ምን ጠፋ?» ይላል። ውስጡ የዘይትና የላብ ጨለማ ነው። ጃርሶ መብራቱን በቱቦዎቹ ላይ አዞረ፣ ምንም የለም። ጋዙን ወደሚገፋው ኮምፕሬሰር ወሰደው፣ ቺንጋው ከሚያዞረው ክብ ኋላ፣ ብሩሽም አረፋም በማይደርስበት ጥግ፣ አረንጓዴ ነገር ቦግ አለ።

ከብርድ ልብሱ ወጣን። «ምዜ፣ መንገዱን አትማ» አለ ጃርሶ፤ ሽማግሌ ሲያከብር ምዜ ነው የሚለው። «ውስጥ ጋዙን የሚያግደው ጎሚኒ ደርቆ ተሰንጥቋል። ጎሚኒው የሚርሰው ኤሲው ሲሠራ በሚዞረው ዘይት ነው። ሳይበራ ከከረመ ይደርቃል። መጨረሻ ያበራኸው መቼ ነው?»

«አማቾቼ የመጡ ጊዜ።»

«እነሱስ መቼ መጡ?»

ጋሽ መንገሻ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ልጅቷ ያኔ ሙሽራ ነበረች» አለች እትዬ አልማዝ። «አሁን ልጇን ትምህርት ቤት አስገብታለች።»

«እኔ እኮ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለ ጋሽ መንገሻ በቀጭን ድምፅ።

«እሱ ነው ያበላሸው» አለ ጃርሶና እጁን ሊታጠብ ሄደ። እትዬ አልማዝ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ገባች።

ጎሚኒው ከናይሮቢ በአውቶቡስ ተላከና በቀጠሮው ዋዜማ ደረሰ። በማግስቱ እኔም ማርሳቢት ጉዳይ ነበረኝና ከኋላ ወንበር ተሳፈርኩ። መስኮቶቹ ተዘጉ፣ ጋሽ መንገሻ ኤሲውን አበራ። እትዬ አልማዝ ዞር ብላ አየችኝ፣ ቀጥላም እሱን አየችው።

«እንግዳ አለ እንዴ?»

«አለ» አላት ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «አንቺ።»

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰው ቤት እንደሄደ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አቧራው ውጭ ቀረ። የቱርቢ ሜዳ ላይ ግመሎቹ በእሾሃማ ዛፍ ጥላ ተኮልኩለው ሙቀቱን ሲሸሹ፣ እኛ ጆሯችን እስኪቀላ በረደን።

«መንገሻ፣ በረደኝ» አለች። «ትንሽ አጥፋው።»

«አይጠፋም።»

«ለምን?»

«ይበላሻል።»

ከኋላ ሆኜ ሳቄን በመከራ ዋጥኩት። አብራው ስትለው ይበላሻል፣ አጥፋው ስትለው ይበላሻል፤ ሰው አመሉን እንደ ጎሚኒ አይቀይርም። ግን ጥቂት ሄዶ መኪናውን ዳር አስያዘ፣ ኮቱን አወለቀና ትከሻዋ ላይ ደረበላት፣ አንገትጌውን እስከ አገጯ ቆለፈላት። እሱ በሸሚዝ ብቻ እየተንዘፈዘፈ እስከ ማርሳቢት ነዳ።

ዓይኗ ድኗል አሏት። ጋሽ መንገሻ ግን ከዚያ ሁሉ በረሃ ጉንፋን ይዞ ተመለሰና ተኛ። ልጠይቀው ስሄድ እትዬ አልማዝ ዝንጅብል አፍልታ ነበር። ለኔ ቡፌውን ከፍታ በወርቅ ቅቡ ብርጭቆ አቀረበችልኝ። ለሱ እጀታው በተሰበረው ኩባያ ሰጠችው።

እንግዳ ነኛ።