የእትዬ በላይነሽ ፍተሻ

የነዋሪውን ሁሉ ነፍስ ለመጠበቅ ራሱን የሾመ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የእኛ ብሎክ ተሿሚ ክብርት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

አቃቂ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። «በእጄ ካልነካሁ አላምንም!» ይላሉ። ጎረቤት የጋዝ ሲሊንደር ሲያስቀይር መጥተው ያሸታሉ። የሠርግ ድንኳን ሲተከል ሙሽራውን ከመሳማቸው በፊት ገመዱን ይጎትታሉ። አንዴ ድንኳኑን ሊያወርዱብን ምንም አልቀራቸውም።

በቀደም እሁድ የአሥር ዓመት ልጄን ዮዲን ወደ መጫወቻ ፓርክ ልወስድ ስወጣ ደረጃው ላይ አገኙን። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ምን ይባላል? አብረን ሄድን።

ዮዲ የፈለገችው በሐዲድ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን ሮለር ኮስተር ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። እትዬ በላይነሽ እኛን ትተው ወደ ፊት ሄዱና የተሳፈረውን ሰው መቆጣጠር ጀመሩ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን ዘርግቶ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ!»

«ማዘር፣ ቪዲዮ ልቀርጽ ነው።»

«ቁጭ ብለህ ቅረጽ። ወይስ ስትወድቅ እኔ ልቅረጽህ?»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ባጁ ላይ ዘካሪያስ የሚል የተጻፈበት ልጅ «እናቴ፣ እባክዎ ከአጥሩ ውጪ ይቁሙልኝ» እያለ ይለምናቸዋል። ከኋላዬ የቆመች ሴት «እናትሽ ናቸው?» አለችኝ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ተራችን ደረሰ። እኔ ከፍታ ስለምፈራ ዮዲ ብቻዋን ተቀመጠች። ዘካሪያስ ጭን ላይ የሚወርደውን ብረት በየወንበሩ ጫን ጫን እያደረገ አለፈና ወደ ማስነሻው ተመለሰ። ይሄኔ እትዬ በላይነሽ አጥሩን አልፈው ገቡ፤ የዮዲን ብረት ይዘው ወደ ላይ ሳቡት።

ብረቱ እንደ ድስት ክዳን ቀለል ብሎ ተነሳ።

የሳቀ የለም። ዘካሪያስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ማሽኑን አጥፍቶ ሰዉን ሁሉ አስወረደ። ስድባቸውን ስጠብቅ፣ «አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «ከጠዋት ጀምሮ ቆመሃል። ሠሪ ይምጣና ይየው።» ሮለር ኮስተሩ ለዕለቱ ተዘጋ። ዮዲ አልሄድም ብላ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ እቅፍ አድርጌ አባብላታለሁ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ድፍረት አገኘሁ። «እትዬ፣ ሰልፉ ላይ አላውቃቸውም ብዬ ነበር።»

«ሰምቻለሁ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ከልጄም ብሰማው አይገርመኝም።»

ወዲያው እንቅልፍ ጣላቸው፤ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ «ወራጅ!» ማለት ነበረብኝ።

«እማ፣ አለፍን እኮ!» አለች ዮዲ።

«ዝም በይ» አልኳት፣ «ይተኙበት።»