እርምጃህን አስተካክል

እግሩን እየጎተተ የሚሄደውን ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል ሰው፣ ታላቅ ወንድም ኖሮት አያውቅም! እኔ ግን ነበረኝ። የወንድሜ እግር ጀልባ ያክላል፤ ጫማው ሲያረጅ ደግሞ ወራሹ እኔ ነኝ። የሰፋ ጫማ አድርጋችሁ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል፤ እግርህን ካነሳህ ጫማው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ትጎትታለህ... ትጎትታለህ... አድገህ የልክህን ጫማ ስትገዛ እግርህ ገና ወሬውን አልሰማም።

ባለቤቴ ጽጌ በተጋባን ሰሞን ኮቴዬ ደስ እንደሚላት፣ ሳልደርስ እንደምትሰማኝ ትነግረኝ ነበር። ኋላ ግን የምሠራው ሶል ለማስቀየር ብቻ እንደሆነ ማስላት ጀመረች።

ጉዱ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። ናዝሬት የነበረው ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል ሰልፍ እሁድ እሁድ ጠዋት ልምምድ ያደርጋል። አሰልጣኙ ሊቀመንበራችን ጓድ ታደለ ነው፤ ካኪው ቁጭ ሲል እንኳ የማይጨማደድ፣ በስብሰባ ካልተወሰነ በቀር የማይስቅ ሰው። «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ» ሲል ሰልፉ ጧ፣ ጧ ይላል። ከመካከል አንድ ሸርርር የሚል ድምፅ ይወጣል... እሱ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በዝምታ አለፈኝ። ቀጥሎ ወደ ኋላ መስመር ወሰደኝ። ከኋላ ሆኜ ያስነሳሁት አቧራ ግን... መቼም የናዝሬትን አቧራ ታውቁታላችሁ። አንድ እሁድ ሰልፉን አስቁሞ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ጓድ፣ እርምጃህን ብታስተካክል ይሻልሃል፤ አለዚያ እርምጃ ይወሰድብሃል።»

ዛሬ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ያኔ ግን የመጀመሪያው እርምጃ በእግር፣ ሁለተኛው በጥይት መሆኑን ማንም ማንንም አያስረዳም ነበር።

ቤት ገብቼ ለጽጌ ስነግራት ቀልዷ ሁሉ ጠፋ። በሩን ዘግታ ጓሮ ወሰደችኝና ታስረምደኝ ጀመር። «አንሳው፣ አንሳው» ትለኛለች በሹክሹክታ። አነሳሁት፤ ጭቃ የገባች ዶሮ መሰልኩ። ሁለታችንም ልንስቅ ስንል ተያየንና ተውነው።

በሳምንቱ ጉዳዬ ለቀበሌው ስብሰባ ቀረበ። ጓድ ታደለ እግሬን ከአድኃሪያን ጋር አገናኘው፤ አብዮቱ ወደፊት ሲል ወደኋላ የሚጎትት እግር ያለ ምክንያት አይጎትትም አለ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል! ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩና ስለ ወንድሜ ጫማ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ይልቅስ ወንድሜ አሁን የት እንዳለ ተጠየቅሁ። ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ላይ መሆኑን ባልናገር ኖሮ ጫማው ሳይቀር በቁጥጥር ሥር ይውል ነበር።

ያን ጊዜ የጎረቤቴ የኦቦ ቱፋ እጅ ወጣ። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያመጡ የሚነግዱ፣ ኦሮምኛና አማርኛውን ሳይለያዩ የሚያስኬዱ ሽማግሌ ናቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ረጋ ብለው፤ «ይሄ ልጅ ሲመጣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አውቃለሁ። ውሻዬም ያውቃል፤ አይጮህም። ጠላት ቢሆን ኮቴውን ይደብቅ ነበር እኮ።»

ጓድ ታደለ እርሳሱን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። እኔ ጽጌን በዓይኔ ፈለግኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። በመጨረሻ እግሬ ንቃቱ ዝቅተኛ እንጂ ጠላት አለመሆኑ ታመነበት፤ እስኪነቃም ድረስ ከልምምድ እንድታገድ ተወሰነ።

ቅጣት ብለው የሰጡኝ ይሄን ነው! ጎረቤቶቼ ፀሐይ ላይ ሲጠበሱ እኔ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሸንኮራ እመጥጣለሁ። ቅናት ግን ክፉ ነው። በቀጣዩ እሁድ ልብስ ሰፊው ከበደ እግሩን መጎተት ጀመረ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው። ከዚያ የሴቶች ማኅበር... ብዙም ሳይቆይ ሰልፉ በሙሉ ሸርርር አለ።

ጓድ ታደለ ምን ያድርግ? አንድ ሰው ሲጎትት አድኃሪ ይባላል፤ ቀበሌው በሙሉ ሲጎትት ግን «አንተ ምን ስታስተምር ነበር?» የሚል የበላይ አካል አለ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቆቡን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰልፉ እንዲገጥም ከፊት ሆኖ የሚመራ ልምድ ያለው ሰው እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ጽጌ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ሮጠች።

የበዓሉ ዕለት ቀበሌያችንን ከፊት ሆኜ መራሁ። ሌሎቹ ጧ፣ ጧ እያሉ አለፉ፤ እኛ እንደ ጎርፍ ሸርርር ብለን መጣን፤ አቧራችን የክብር መድረኩን ዋጠው። ከላይ የመጡት እንግዳ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ይህ ቀበሌ ከመሬቱ ያልተለየ፣ የጭሰኛውን እርምጃ ያልረሳ ነው ብለው አሞገሱን።

ጓድ ታደለም በዚሁ ሹመት አገኘ፤ አርሲ ነገሌ ተዛውሮ ሕዝቡን ሰልፍ ያሰለጥን ጀመር። እንግዲህ በዚያ በኩል ስታልፉ እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ ካያችሁ፣ አሞት እንዳይመስላችሁ... ሠልጥኖ ነው።