እጃቸው ያልቆሸሸ ሚዜዎች

በደርግ ዘመን ጂንካ መካኒክ አልነበረባትም ቢሉዎት አይመኑ። ይልቅስ መካኒክ ያልሆነ ሰው አልነበረባትም። መኪና ቀይ አፈር ከተማ ሳይደርስ ከቆመ ተሳፋሪው በሙሉ ይወርዳል፤ ኮፈኑ ይከፈታል፤ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ወንጌላዊውም እጁን ይሰዳል። የሚያፈስ የነዳጅ ጋን በሳሙና ይደፈናል፤ ቺንጊያ የሚሉት የሞተር ቀበቶ ቢበጠስ በእንሰት ቃጫ ይተካል። መኪናው ሲነሳ ሁሉም «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ይላል፤ ሁሉም ደግሞ እውነቱን ነው።

በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የጓደኛዬ የኤልያስ ሠርግ ዕለት ሚዜ ነበርኩ። ሙሽራዋ ከጂንካ ወጣ ብላ ያለችው የገዘር ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ደምሴ ጂንካና ቱርሚ መካከል የጭነት መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። በአሮጌ ላንድሮቨር እንሂድ ብል ማን ይስማኝ! የኤልያስ አለቃ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ መስኮቷ በአንድ ጣት የሚወርድ አዲስ መኪና ከነሹፌሯ አውሶት ነበር።

ገዘር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። እንደ ልማዳችን ወረድን፤ እጅጌያችንን ሰብስበን ኮፈኑን ከፈትን። ጥቁር ክዳን! ሞተሩ እንደ መሶብ ተከድኗል። የሚፈታ ብሎን የለ፤ በአፍ የሚነፋ ቱቦ የለ።

«የተበላሸው ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው» አለ ሹፌሩ። «ሳጥኑ ደግሞ አይፈታም፤ አዲስ አበባ ነው የሚቀየረው።»

ያን ያህል ወንድ ባንዴ ሥራ ፈትቶ ሲተክዝ አይቼ አላውቅም። የሚያልፍ መኪና ብንጠብቅ ጠፋ፤ በእግራችን ቀጠልን። ስንደርስ የቀጠሮው ሰዓት አልፏል፤ ጋሽ ደምሴ የቤታቸው በር ላይ ቆመዋል።

«ይቅርታ አባባ፣ መኪና ተበላሽቶብን ነው» አለ ኤልያስ።

«እስቲ እጃችሁን አሳዩኝ።»

ዘረጋን። የሁላችንም መዳፍ ከሳሙና የወጣ ይመስላል።

«መኪና ተበላሽቶበት እጁ ያልጠቆረ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ልብህ አመንትቶ ከሆነ ንገረኝ፤ ልጄ እዚሁ ትቀመጥልኛለች።»

ኤልያስ እንዳይምል አማኝ ነው፤ «እውነቴን ነው» እያለ ብቻ ላብ አጠመቀው። ከውስጥ የሙሽራዋ ልቅሶ ተሰማ። ያኔ የምር ፈራሁ።

ጋሽ ደምሴ መኪናዋ ያለችበትን ጠይቀው ብቻቸውን ቁልቁል ወረዱ። ለሠርጉ የመጡት መዘምራን አንዱኑ መዝሙር ሲመላልሱ እኛ ጋሽ ደምሴን ጠበቅን። ሲመለሱ የእሳቸውም እጅ ንጹሕ ነው። ኤልያስን ክንዱን ይዘው ወደ ልጃቸው አስገቡት።

ቃል ኪዳኑ ተፈጽሞ ግብዣው ላይ ስንቀመጥ ምግቡን ሳይነኩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ከእንግዲህ ሹፌር መንገድ ላይ ምን ሊሠራ ነው?»

«ቁጭ ብሎ ይጠብቃላ፣ ጋሼ።»

«ማንን?»

አንጀቴን በሉት። ድንገት ብድግ አሉ። «ተነሱ! መግፋት እንኳ መቼም አልተከለከለም!»

ወንዱ ሁሉ ነቅሎ ወጣ፤ ሙሽራው ራሱ ኮቱን አውልቆ ከፊት ይሮጣል። ሙሽራዋ የባሏን ኮት ታቅፋ በሩ ላይ ቀረች።

«ቁርጥ እንደ አባባ ያለ ሰው ነዋ ያገባሁት!» አለች።