በሦስት አገር ለማኝ

የዓለምን ውድ ከተሞች እያነጻጸረ የሚያወራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሰፈሩን የሽንኩርት ዋጋ ሚስቱን ካልጠየቀ አያውቅም፤ የቶኪዮን ሽንኩርት ግን በቃሉ ይወጣዋል። ስለ ሩቅ ገበያ ማውራት የሚጣፍጠው ማንም ሄዶ ስለማያጣራ ይመስለኛል።

አጎቴ ጋሼ አድማሱ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከምጽዋ በምትነሳ መርከብ ላይ ድንች ሲልጡ ዓለምን ዞረው ባሕር ዳር ገቡ። መርከባቸው ፓሪስ ወደብ ቆማ እንደነበር ሲያወሩ ዝም እላለሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ፓሪስ የባሕር ወደብ እንደሌላት አውቃለሁ። ግን የገዛ ሽማግሌውን የሚያርም ሙሽራ የት አለ?

ሽማግሌዬ ስላችሁ በምክንያት ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዓባይ ማዶ የሚኖሩትን የመሪጌታ ላቀውን ልጅ፣ ይታይሽን፣ ወድጄ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እሷ አባቴን አስጠይቅ ከማለት በቀር እሽም እምቢም አላለችኝም። ስለዚህ ጋሼ አድማሱን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላክሁና ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ።

ሁለቱ በኋላ እንደነገሩኝ፣ መሪጌታ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የአስተማሪ ደመወዝ ለሁለት ሰው ይበቃል ወይ? መልሱ ምንድን ነው? ይበቃል። አለቀ። ጋሼ አድማሱ ግን የባሕር ዳርን ርካሽነት ከሥሩ ሊያስረዱ ተነሱ። በዚህ ልጅ ደመወዝ ፓሪስ ላይ ሳምንት አይከረምም አሉ። ለንደን ቢሆን ድልድይ ሥር ነው የሚያድር። ቶኪዮማ፣ ለአንድ ዓሣ ሸሚዙን ያስይዛል፤ ከዚያ በኋላ መለመን ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ጌታ ነው ብለው በኩራት ጨረሱ።

መሪጌታም፣ «በሦስት አገር ለማኝ የሆነ ሰው እዚህ ጌታ የመሰለው ባሕር ዳር ገና ስላላወቀችው ነው» ብለው ሽማግሌዎቼን አሰናበቱ።

ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አለኝ። ይህን ሳልቀልድ ነው የምነግራችሁ፤ ይታይሽን ያጣሁ መስሎኝ ክፍል ውስጥ ካርታ ፊት ቆሜ ፓሪስን ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር። ተማሪዎቼ ለፈረንሳይ አብዮት ያለኝን ፍቅር አደነቁ።

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሄዱ። ጋሼ አድማሱ ስለ ውድ ከተማ እንዳይናገሩ ተለምነው ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። የጀመሩት ከርካሾቹ ነው። ይፋግ ላይ ልጁ ሀብታም ነው፣ ጎርጎራ ላይማ ባላባት ሊሉ ሲሉ ጓደኛቸው እግራቸውን ረገጧቸው። ያኔ ባላባት ከመባል በሦስት አገር ለማኝ መባል ይሻል ነበር።

መሪጌታ ግን ራሩልኝ መሰለኝ፣ እንግዲያው ይማልልኝ አሉ። ልጃቸውን ይዤ ፓሪስ፣ ለንደንና ቶኪዮ ላልገባ። ተጠራሁና እጄን ዳዊታቸው ላይ ጭኜ ማልሁ። እንደዚያ ደስ ብሎት የማለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጎንደር ለመሄድ እንኳ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት በሚጠየቅበት ዘመን ከቶኪዮ መቅረት ምን ይከብዳል?

ተጋባን። ጫጉላችን ሳያልቅ አንድ ከሰዓት ጣናን እያየን ቁጭ እንዳልን፣ እሽ ለማለት ልቧ የቆረጠው መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ የመጡ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «ቢለምንስ ምናለ፣ ሦስት አገር ያየ ሰው ነው ብዬ ያን ዕለት ወደድሁህ» አለችኝ። አስከትላም ከሦስቱ የትኛው እንደሚያምር እንድነግራት ለመነችኝ።

እኔ እዚሁ ጎንደር መንገድ ላይ ያለችውን ወረታን አልፌ አላውቅም። አገጭዋን በእጇ ደግፋ ትጠብቀኛለች። ምን ላድርግ? በረጅሙ ተነፈስሁና፣ ብዙ የማወራው ነበረኝ፣ ግን አባትሽ አስምለውኛል አልኳት።