ክብርት ወይዘሮ መጋጠሚያ

በየቤተሰቡ መሃል አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ደህና ዕቃ እጁ ሲገባ የተጋጠመበትን ቦታ ሳያገኝ እንቅልፍ የማይወስደው። ለእኛ የደረሱን የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ክብርት ወይዘሮ መጋጠሚያ ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው የምላቸው፤ ነፍሴን እወዳለሁ።

አዲስ ሱሪ ለብሼ ብቅ ካልኩ «ያምርብሃል» ብሎ ነገር የለም። ጎንበስ ብለው የጎኑን ስፌት በሁለት ጣታቸው ሳብ ያደርጉና «ይሄ ክረምት አይደርስም» ይላሉ። አይደርስምም። ለልጃችን ልደት የመጣውን የፕላስቲክ ኳስ ወደ አምፖሉ አንስተው ዙሪያውን ሲያጠኑ፣ ልጅቷ ቆማ ቆማ ሲሰለቻት በጠርሙስ ክዳን መጫወት ጀመረች። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንግዳው ሁሉ ሲመርቀን፣ እሳቸው አየት አድርገውን «ከተዋወቃችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?» አሉ። ጥቂት ወራት መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቸኩላችኋል። ሲያዩት ግን የተያያዘ ይመስላል።»

ደግነቱ ለዚህ አመላቸው ደመወዝ የሚከፍል አገኙ። የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ ውስጥ ዳይ ይነድፋሉ፤ ዳይ ማለት የቀለጠው ፕላስቲክ ቱቦ ሆኖ የሚወጣበት ብረት ነው። ቱቦው ውስጡ ባዶ እንዲሆን መሃሉ ላይ ሌላ ብረት ይቀመጣል፣ እሱን ደግፈው የያዙ እግሮችም አሉ። ፕላስቲኩ እግሮቹ ጋ ሲደርስ ይከፈላል፣ ካለፋቸው በኋላ መልሶ ይገናኛል። የእትዬ ሃይማኖት እዚህ ላይ ነው። «ሙቀት፣ ጫና፣ ጊዜ። አንዱ ከጎደለ ተኳርፎ ነው ጎን ለጎን የሚወጣው።»

የአሮጌው ዳይ ቱቦ በመጋጠሚያው እየተተረተረ ሲያስቸግር፣ እግሮቹ ቀጠን ያሉ፣ ከእግሮቹ ወዲያ ያለው መንገድ ረዘም ያለ አዲስ ዳይ ነደፉ። ሥራ አስኪያጁ «ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፣ ውድ ነው» ሲል ከርሞ በመጨረሻ ተሸነፈ።

«እሺ፣ ይሞከር። በመጋጠሚያው ከተተረተረ ግን ዳዩ ወደ ቁርጥራጭ ብረት፣ እርስዎም ወደ ባልዲ ክዳን።»

ባልዲ ክዳን መንደፍ ለእትዬ ግዞት ነው። በሙከራው ቀን ባለቤቴ «አብረሃት ሁን፣ እህል አልቀመሰችም» ብላ ላከችኝ። ስደርስ ከአዲሱ ዳይ በወጣው ቱቦ ላይ መጋጠሚያዎቹ ያሉበትን በማይለቅ ቀይ ቀለም አስምረውበት ነበር። ቱቦው ገንዳ ውስጥ ገባ፣ ውሃ በግፊት ይሞላው ጀመር፣ ቆይቶ ቆይቶ ፈነዳ።

ሥራ አስኪያጁ «ይኸው» አለ። እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቱቦውን አወጡና በገዛ ቀሚሳቸው ጠረጉት። የተቀደደው በሁለት ቀይ መስመሮች መካከል ነው፤ መስመሮቹ ንክች አላሉም።

«መፈንዳቱማ አይቀርም፤ እስኪፈነዳ ነው የሞላነው» አሉ። «ቁም ነገሩ የት ጋ እንደፈነዳ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አድርጎ አየ፣ አውልቆም አየ። «በቃ፣ ዳዩ ይቆይ» አለ። በፈነዳ ቱቦ ሰው እንደ እትዬ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም፤ እኔም ደስ አለኝ።

ለእራት ቤት ይዣቸው መጣሁ። እኔና ባለቤቴ እንደ ልማዳችን በጨው ስንነታረክ፣ እሷ አነሰ እኔ በዛ ስንል፣ እትዬ ከወዲያ ሆነው ትክ ብለው ያዩናል። ያ ኳሱን ያዩበት ዓይን ነበር። ደነገጥኩ።

«ምነው እትዬ?»

«የእናንተን መጋጠሚያ ስፈልግ ነበር» አሉ። «አጣሁት።»

ባለቤቴ ጨው ማስቀመጫውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ከዳቦው ትልቁን ቁራሽ አንስቼ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ገልበጥ አድርገው ሥሩን አዩና በሉ።