ሽማግሌው ይዘውት የመጡት እባብ

ቪዲዮ ጌም የሚጫወት ሰውና ጥላውን የሚያባርር ውሻ ልዩነት የላቸውም፤ ውሻው ግን ሲደክመው ይተዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጌም ቤት በር አልፋችሁ የምታውቁ ምስክሬ ናችሁ… ጢሙን ያጎፈረ ጎረምሳ ወንበር ላይ ተዘፍዝፎ፣ እግሩ ያልነካት ኳስ ገባችለት ብሎ ደረቱን ይደቃል። እናቱ አንድ ጀሪካን ውኃ አምጣ ብትለው ወገቤን የሚል ልጅ እኮ ነው! ላቡን ብታዩት ደግሞ ጤፍ ሲያጭድ የዋለ ነው የሚመስለው።

እኔ ዓይናፋር ስለሆንኩ ንቀቴን በሆዴ ይዤ ነበር የማልፈው። ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል፤ ይህንንም የምጽፍላችሁ ስለማታዩኝ ነው። ግን የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ? (ተረቱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።) አንድ እሑድ፣ የናቅኩት ነገር እኔኑ ጠልፎ ጣለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርጋ የሚባል የጉንደ ወይን እህል ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ገበያ ላይ አይቶኝ ኖሯል። እኔ አላየሁትም፤ እንደ ልማዴ መሬት መሬቱን ሳይ ነው ያለፈኝ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ አባቴ በደንቡ መሠረት «ከዘመድ ልምከር» ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። መከረም። ከአጎቶቼ መከረ፣ ከአክስቶቼ መከረ፣ ከጎረቤትም መከረ… ከእኔ በቀር ያልተጠየቀ የለም። አክስቴማ «ስምንተኛ ላይ አቁማለች፣ ድምፅዋ አይሰማ፣ ቀና አትል፤ እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ስለ በቅሎ ነው የምታወራው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አልፈርድባችሁም።

ቀጠሮው ከቅዳሴ መልስ ነበር። አባቴ ያን ቀን እሺ እንደሚል ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን አልፈልግም። «አልፈልግም» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ከተቀመጠች ሰንብታለች፤ ወደ ላይ አትወጣ፣ ወደ ታች አትወርድ።

የመጡት የይርጋ አጎት አያ ዘለቀና አንድ የኔታ ናቸው። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምን። አያ ዘለቀ ግን ቆመው ከሁሉ በፊት የጠየቁት ሌላ ነው።

«ሶኬት ይኖራችኋል?»

ደብረ ኤልያስ በኩል ካለው ቀበሌያቸው መብራት አልገባም። ስለዚህ ከዚያ ወደ ከተማ የወጣ ሰው ለሠርግም ይምጣ ለለቅሶ፣ መጀመሪያ ስልኩን ይሰካል። የእኛ ቤት ደህና ሶኬት ያለው ደግሞ ጓዳ ነው። ጓዳ ውስጥ ማን አለ? የምትጠየቀው ልጅ! እንዳትታይ፣ እንዳትሰማ፣ ሳል እንኳ ቢመጣባት እንድትውጥ ታዝዛ። እማዬ ስልኩን ሰካችው፣ እንዳልነካው አስጠንቅቃኝ ወጣች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጢጥ አለ። ሳሎን ድረስ እንዳይሰማ ብዬ ያገኘሁትን ቁልፍ ተጫንኩ። መስታወቱ በራና የክብሪት እንጨት የሚያህል ጥቁር ነገር መሄድ ጀመረ። ለካ አያ ዘለቀ መኪና ላይ ሲጫወቱ መጥተው፣ ጨዋታውን ሳይዘጉ ነው የሰጡን። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ፣ ያ ሁሉ ጋቢና ጭራ፣ ከሥሩ ለካ አንድ እባብ ነበር።

እባብ ማለቴ ስሙ እንጂ መልኩስ የተሰበረ ዱላ ነው። ፍሬ ይበላል፣ ይረዝማል፣ ፍሬ ይበላል፣ ይረዝማል… በመጨረሻ የገዛ ጭራው መንገድ ይዘጋበትና ነክሶት ይሞታል። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችን ሞልቶ ሳለ በስልክ ማየት ምን ይባላል? እንዲህ እያልኩ እየተሳለቅኩ ሳለ እንጨቱ ወደ ግድግዳው ገሰገሰ። ሳላስበው ወደ ቀኝ ተጫንኩ። ወደ ቀኝ ሄደ።

በቃ። የተሸነፍኩት ያን ጊዜ ነው። በዕድሜዬ ወደ ቀኝ ያልኩት ነገር ወደ ቀኝ ሲሄድ አይቼ አላውቅማ! ወደ ላይ አልኩት፣ ወጣ። ወደ ግራ አልኩት፣ ዞረ። «ከዘመድ ልምከር» አላለኝም። ሳሎን ውስጥ እኔን ለመስጠት የዘር ቆጠራው ደርቷል፤ እኔ ጓዳ ጎንበስ ብዬ እባብ እመግባለሁ። አምላክ ያሳያችሁ፣ ለሕይወቴ ስጨነቅ ስሰነብት ያልወጣኝ ላብ ለዚያ እንጨት ወጣኝ!

መስታወቱን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። እባቡ ድራሹ ጠፋ፣ በቦታው «ይርጋ» የሚል ስም መጣ። እባቡን ልመልስ ብዬ አረንጓዴውን ተጫንኩት። ያልተጫንኩት ቢሆንስ… አሁንም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ሄሎ እስክል እንኳ አልጠበቀም። «አያ ዘለቀ፣ ምነው ዘገያችሁ? ካንገራገሩ አትለማመጧቸው። ለደጀኗም ልጅ ቤት ዛሬ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ቀድሞ እሺ ያለውን ነው የምወስደው።»

ሴት ልጅ የተጠየቀችበት ቤት ሳይመልስ ሌላ ቤት ሽማግሌ መላክ በእኛ አገር ነውር ነው። በአንድ ቀን ሁለት ቤት መላክማ ስም እንኳ አልወጣለትም። እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። እኔን ግን መጀመሪያ ያናደደኝ ይህ አልነበረም።

«እባቤን ገደልህብኝ» አልኩት።

«ማን ልበል?» አለ።

«የደብረ ማርቆሷ።»

ዘጋው።

ሳሎን ውስጥ አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ…» ብሎ ጀምሯል። ያቺ ጉሮሮዬ ላይ የሰነበተችው ቃል እግር አወጣች መሰለኝ፣ በሩ ላይ ራሴን አገኘሁት። ስልኩን ይዣለሁ፤ ቻርጀሩ እንደ ጭራ ከኋላዬ ይጎተታል።

«አያ ዘለቀ፣ ይርጋ ደውሎ ነበር። ለደጀኗም ቤት ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ ቀድሞ እሺ ያለውን እወስዳለሁ ብሏል። እኔ አልፈልገውም።»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያ ዘለቀ ስልኩን ተቀብለው ደወሉ። ይርጋ አላነሳም። ደገሙት። ጭራሽ ስልኩን አጠፋው። ከዚህ ወዲያ ምስክር አላስፈለገም፤ የሽማግሌው ፊት ሲጠቁር ለሳቸው እኔ አፈርኩ። አባቴ ተነሥቶ ልጁ የገበያ እህል እንዳልሆነች፣ ቀድሞ ቁና ለያዘ እንደማትሰፈር ተናገረ። (ትንሽ ቀደም ብሎ ሊሰፍረኝ እንደነበር አላስታወስኩትም።) ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ የሰው ስልክ ምን አስነካሽ?»

«እባቡ ግድግዳ ሊመታ ሲል ላዞረው ብዬ ነው» አልኩ።

የኔታ ምን ዓይነት እባብ እንደሆነ ጠየቁ። ማንም ሊያስረዳቸው አልደፈረም፤ አያ ዘለቀ ጣራ ጣራውን ያያሉ። በግድ እኔው አስረዳሁ። የኔታ መስቀላቸውን እያሻሹ አሰቡና፣ «እባብ ሴት ልጅን ሲመክር ይኸ ሁለተኛው መሆኑ ነው» አሉ። «የፊተኛው ምክር ግን እንዲህ አልተሳካም።»

ይቅርታ ጠይቀው ሊሄዱ ተነሡ። የኔታ ቀድመው ወጡ። አያ ዘለቀ ግን በሩ ላይ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ቆዩ። ሠርግ ፈርሶባቸዋል፣ ስማቸው ጎድፏል፣ የእህታቸው ልጅ ጉድ ሠርቷቸዋል፤ አንዳች ከባድ ነገር ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ… እባቡ የት ደርሶ ነበር? ከኤልያስ ጀምሬ ያሳደግኩት ነው።»

እኔም እንደ ደንቡ አንገቴን ደፍቼ፣ «እርስዎ ካደረሱበት አልፎ ነበር» አልኳቸው።